በእንሰት ቅጠል የጠቀለልነው ሙቀት

የምርምር ክፍላችን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጥግ፣ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነበረች። ሀብታችን አንድ ሳጥን ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ የመስታወት ዕቃ፣ በዕቃው ውስጥ ከባድ ውሃ (ሃይድሮጂኑ ከተራው የሚከብድ ውሃ)፣ በውሃው ውስጥ ቀጭን የፓላዲየም ሽቦ። ብረቱ ሃይድሮጂን እስኪጠግብ ከጠጣ ምናልባት የአቶሞቹ አስኳል ይዋሃድና በኤሌክትሪክ ካስገባነው በላይ ሙቀት ይሰጠናል። «ምናልባት» የምትለዋን ቃል መምህሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ አላምጠዋታል። ብዙዎች ስቀውባቸዋል። አሁን ደግሞ ጡረታቸው ደረሰ፤ ውጤት ካላሳዩ ክፍሏ ለሌላ ትሰጣለች ብሎ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ነገረን።

በዚህ ላይ ሙቀት እንዳያመልጥ ሳጥኑን የሸፈንንበትን ፎም አይጥ በላው። የሚገዛልን የለም። ሊሰጥም የደረሰ አረፋ ይጨብጣል፤ ሁለታችንም የጨንቻ ደጋ ልጆች ነንና እናቶቻችን ቆጮ የሚጠቀልሉበት የእንሰት ቅጠል ትዝ አለን። ከቤት አስጭኜ አመጣሁና ከትፈን በመስታወቱ ዙሪያ ጠቀጠቅነው።

ብዙም ሳይቆይ ሙቀቱ ከፍ አለ። ካስገባነው በላይ! መምህሬ ቴርሞሜትር ቀየሩ፤ ያው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም ነዳጅ አልነበረውም። የክፍሏ ማራገቢያ ቆመ፣ ሽቦው ኤሌክትሪክ አጣ፣ ሙቀቱ ግን አልወረደም። እኔ እንደ ሰርግ ቤት እልል አልኩ። እሳቸው ወዲያው ደውለው ኮሚቴው ነገ እንዲመጣ ጠሩ።

መብራቱ ሳይመጣ ሽቦውን ልይ ብዬ ክዳኑን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የተቀበረ ቆጮ ሲከፈት የሚመጣው፣ ልጅ ሆኜ የምሸሸው ሽታ። እጄን ከቅጠሉ መሃል ከተትኩ፤ ይፋጃል። ወደ መስታወቱ ስጠጋ ግን ለብ ያለ ነው። ቅጠሉን ሳይደርቅ ነበር የጠቀጠቅነው፤ እየቦካ ራሱ ሙቀት እየሰጠ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ሽቦው አይደለም። ቅጠሉ ነው።»

ወንበራቸውን ስበው ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ቅጠሉ ውስጥ ከተቱ።

«ትናንትም ሸቶኝ ነበር» አሉ።

እያወቁ ደወሉ ማለት ነው። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ።

«ለኮሚቴው ራሴ እነግራለሁ፣ ልጄ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን ዝም በይልኝ።»

ተነስቼ ከአጠገባቸው ቆምኩ። መብራት መጣ፤ ማራገቢያው መዞር ጀመረ። ግቢው ጭር አለ፤ ወደ ሲቀላ ሰፈር የሚወርዱት የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች በመስኮታችን ሥር እየተሳሳቁ አለፉ። ቅጠሉ አልቀዘቀዘም።