የባትሪ ውሃ

የድሬዳዋ ሰው ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ባየ ቁጥር ውሃችን ምን እንደሚመስል ያውቃል። ታቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ በቢላ ሲፍቁት እንደ ኖራ ይረግፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ለምደነዋል። እንጠጣዋለን፣ እንታጠብበታለን፣ እንግዳ ሲማረርበት እንስቃለን። ባትሪ ግን አይለምደውም። ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሳንባው ደክሟል። አልጋው አጠገብ ከአየር ላይ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ አፍንጫው ድረስ የሚያደርስ ማሽን ቆሟል። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ከወንድሞቼ ጋር ተረዳድተን ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ ገዛን። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይረከባል፤ አባቴም ይተነፍሳል።

እንዲህ ያለ ባትሪ ውሃው ሲጎድል ይሞላለታል፤ የሚሞላለት ግን የቧንቧ ውሃ ሳይሆን በእንፋሎት የተጣራ ውሃ ነው። ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ለብቻው ተይዞ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ኖራውና ጨዉ መትነን ስለማይችሉ ከታች ይቀራሉ። ትምህርት ቤት እያለን ሥዕሉን ደብተራችን ላይ ስለነዋል። ሱቅ ውስጥ የባትሪ ውሃ እየተባለ በላስቲክ ጠርሙስ ይሸጣል። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስሰፋ ስለምውል፣ ሻል ሲለው አባቴ ራሱ በባጃጅ እየሄደ ከጓደኛው ሱቅ ያመጣ ነበር። ጓደኛው አብሮት ባቡር ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ሥራው ሲቆም ከዚራ በሚባለው ሰፈር ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። ያንኑ ውሃ ለማሽኑም እንጠቀምበታለን፤ ኦክስጅኑ አፍንጫ እንዳያደርቅ በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው።

የዕረፍት ቀኔ ነበር፤ ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት ሰዓት። መብራት ሄደ። ባትሪው ተረከበ፤ እኔም ሳልደነግጥ ምሳ ማቅረቤን ቀጠልኩ። ሲሸጡልን እስከ ማታ ይይዛል ብለውናል። ሳህኑን ገና ሳላስቀምጥ ማሽኑ ጮኸና ዝም አለ። አባቴ አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ጠቆረ፤ እጄን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ጎረቤት ጠርቼ ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ አስገባነው፤ መንገዱን ሁሉ ደረቱን ደግፌ «አባዬ ተንፍስ! ተንፍስ!» እያልኩ ጮህኩ። ሆስፒታል ደርሶ ኦክስጅን ሲደረግለት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እጄ ላይ ሊሞት ነበር።

እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የባትሪ ሠራተኛ ወደ ቤት ጠራሁ። ክዳኖቹን ከፍቶ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየና «ምን ውሃ ነው የምትጨምሩበት?» አለኝ።

«የባትሪ ውሃ ነዋ!»

«ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው የሚመስለው፤ ኖራው ባትሪውን ገድሎታል» አለኝ። ያን ጊዜ የማሽኑን ትንሽ ጠርሙስ አነሳሁ። ውስጡን ዙሪያውን ነጭ መስመር ይዞታል፤ ማንቆርቆሪያችን ላይ የሚጋገረው ያው ቅርፊት ነው።

ሰው በጥርጣሬ መወንጀል አልፈለግኩም። ማንቆርቆሪያ ጣድኩ፤ አፉ ላይ የላስቲክ ቱቦ ሰካሁ፤ ቱቦውን በረዶ በሞላው ባልዲ ውስጥ አሳልፌ ጫፉን ብርጭቆ ላይ አደረግኩ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ያገኘሁት አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው፤ ጠብ ባለ ቁጥር ንዴቴ ይጨምራል። ከዚያ ሁለት መጥበሻ አወጣሁ። በአንዱ የራሴን ውሃ፣ በሌላው ከሱቁ የመጣውን አፍልቼ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። የኔ መጥበሻ ንጹሕ ነው። የሱ ነጭ ሆነ። ነጩን መጥበሻ በፌስታል ጠቅልዬ ወደ ከዚራ ሄድኩ።

ድሬ ውስጥ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ከንቀት ሳይሆን ከቅርበት ነው። የዚያን ቀን ግን መጥበሻውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ «ይህን የሸጡልን እርስዎ ነዎት?» አልኩት። የሰውዬው ፊት ተለወጠ።

«አቦ ምን ሆነሻል? ቁጭ በይ እስቲ፣ ውሃ ጠጪ።»

«ውሃዎን አውቀዋለሁ!»

አልካደም። በፊት ከየቢሮው የአየር ማቀዝቀዣ፣ ከኤሲው የሚንጠባጠበውን በጀሪካን ይሰበስብ ነበር፤ እሱ ደህና ነው፤ ከአየር የወጣ፣ ኖራ የሌለው ውሃ ነው። በኋላ ዘበኞቹ ሲከለክሉት ከቧንቧ መሙላት ጀመረ። «ባትሪ ነው ብዬ እንጂ ሰው ይጎዳል ብዬ መች አሰብኩ፣ ወላሂ!» ይላል። ጩኸቴን የሰሙ ጎረቤቶቹ መጥተው የጎተቱት እኔን ነው። «አቦ ተዪው፣ ሽማግሌ ነው!» «በክፋት አይደለም!» የድሬ ሰው ፍቅር ነው ሲባል እኔም በኩራት ሳወራው ኖሬያለሁ። ያን ቀን ፍቅሩ አንገፈገፈኝ። አታሎ የሸጠው እሱ፤ ነገር ፈላጊዋ እኔ!

ልወጣ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባትሽ ያውቃል እኮ» አለኝ። «‹ውሃህ ነጭ ይጥላል› ብሎ ስቆብኝ ነበር። ያም ሆኖ ደግሞ ከኔው ገዝቶ ሄደ።»

አላመንኩትም። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። አባቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቀለሙ ተመልሷል። እንዴት ዋልክም አላልኩት።

«ታውቅ ነበር?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ነጩን ጠርሙሱ ላይ አየሁት። በቀልድ ጠቆም ባደርገው ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበለው? ሱቁ ጭር ያለ ነው። ሌላ ቦታ ስገዛ ቢያየኝስ? ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ይሉኝታ?» ነርሷ ዞራ እስክታየኝ ድረስ ጮህኩ። «ከንፈርህ ሲጠቁር ባጃጅ ውስጥ ደግፎ የያዘህ እሱ ነው? እኔ ነኝ እኮ! ለኔስ ለምን ይሉኝታ አልያዘህም?»

አባቴ ግራ ገብቶት አየኝ። የጠየቅኩት ነገር ጭራሽ ጥያቄ አልመሰለውም።

«አንቺማ ልጄ ነሽ» አለኝ። «ካንቺ ጋ ምን ይሉኝታ አለ?»

በፍቅር ነው ያለው፤ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ግን ይቅር አላልኩትም።