ቂም ያቆመው ቅልጥም

የሁለቱ ጫማዎች ዕድሜ አንድ አይመስልም ነበር። በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ ቡናማ ጫማዎች ናቸው፤ የግራው ተረከዝ ግን በአንድ ጎኑ ተበልቶ ሲያልቅ፣ የቀኙ ገና ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ለሳኙ በማገገሚያው ክፍል በር አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ክራንቹን ግድግዳ አስደግፎ፣ አዲሱን ጫማ እንደ ባዕድ ሰው ጫማ ያየዋል። ሦስት ወር ተኩል ሙሉ መሬት አልረገጠበትም።

ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን ግድግዳ ሲለስን ነው የኖረው። እሱ የለሰነው ግድግዳ ላይ መብራት በጎን ቢያበሩበት እንኳ ጥላ አይገኝም። ባልደረቦቹ ይህን ሲመሰክሩለት ልማዱንም አብረው ይመሰክሩበታል፦ ከቁርስ በፊት ሲጋራ፣ ከሥራ በኋላ ጠርሙስ። "ጭስ ካላየን አልገባም ማለት ነው" ይሉ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ላይ መወጣጫው ላይ ቆሞ ሲለስን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ለሳኝ ሁሉ ሥራውን ለማየት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ትናንት ከኋላው የነበረው ሳንቃ ግን ዛሬ አልነበረም። ቀኝ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰበረ፤ ሐኪሞቹ ብረት አስገቡለት።

ሳንቃውን ያስነሳው ፎርማኑ ነው። ጠማማ ነገር አያልፈኝም ስለሚል "ውሃ ልክ" ይሉታል። ሁለቱ በአንድ ቀን አሸዋ ተሸክመው ሥራ የጀመሩ ናቸው። በሌላው ወገን ለተቸኮለ ሥራ ሁለት ሳንቃ አስነሳ፤ ለሳኙን መንገር ረሳ። መርሳት የሰው ነው። በዚያ ላይ ውሃ ልክ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ፓኮ ሲጋራና አንድ ጠርሙስ ይዞ እየመጣ አልጋው ጫፍ ይቀመጣል፤ "ለጭንቀትህ ነው ወንድሜ" ይለዋል። ለሳኙም ይቅር ብሎት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ልጁ ናት ነገሩን ያበላሸችው።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እንዳትቆጣ።"

"ተቆጥቼስ የት እሄዳለሁ?"

"ውሃ ልክ ጠዋት ጠዋት ሠራተኛውን መንገድ ዳር ሰብስቦ፣ 'እንደዚያ ሰውዬ ሰክራችሁ ወጥታችሁ እንዳትፈጠፈጡ' ይላል። ወደ ሥራ ሳልፍ በጆሮዬ ሰማሁት። ዛሬ ብቻ አይደለም አሉኝ፤ በየቀኑ ነው።"

ለሳኙ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"ያን ቀን ጠዋት ጠጥቼ ነበር?"

"አልጠጣህም። የጠጣኸው ማታውን ነው።"

"ታዲያ ለምን አመኑት?"

ልጅቷ አልጋው ሥር ያለውን ጠርሙስ አየችው። "አባዬ፣ እናቴም በሕይወት ብትኖር ታምነው ነበር።"

ያቺ ቃል ከስብራቱ በላይ አመመችው። ሕንፃው በአስር ሳምንት ውስጥ ርክክብ አለበት። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ይበተናል፤ በየደረሰበትም ሰካራሙ ለሳኝ እያለ ያወራዋል። ከዚያ በፊት በገዛ እግሩ እዚያ ሕንፃ ላይ ወጥቶ፣ በእነዚያው ጆሮዎች ፊት፣ ውሃ ልክን ማዋረድ አለበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያው ሳምንት ራጅ ተነሳና አጥንቱ ጭራሽ አልያያዝ ማለቱ ታየ። "በስድስት ሳምንት ለውጥ ካላየን ድጋሚ ቀዶ ጥገና ነው" አለው ሐኪሙ።

እንግዲህ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ልጁን የምታህል ቀጭን ሴት፣ አስገባችውና ሱሪውን ሰበሰበችለት።

"ጋሼ፣ ያሳየሁዎትን እንቅስቃሴ ሠርተዋል?"

"አልሠራሁም። እርጥብ ልስን አይነካም ልጄ። እስኪጠነክር አልነቀንቀውም ብዬ ነው።"

"ሲጋራውስ?"

"ሲጋራ በአፍ እንጂ በቅልጥም አይጨስም።"

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሕመምተኞች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"ለስናችሁ ስትጨርሱ ግድግዳውን ትታችሁት ትሄዳላችሁ?"

"እንዴት ተደርጎ! ሰባት ቀን ውሃ ይጠጣል እንጂ። ውሃ ያጣ ልስን ይሰነጠቃል፤ በጥፍር ይፈርሳል።"

"የአጥንት ውሃው ደም ነው። ሲጋራ የደም ሥሩን ያጠበዋል። እርስዎ ውሃ ሊያጠጡ ሲሉ አንድ ሰው ቧንቧውን ረግጦ ቆመ ማለት ነው። መጠጡም፣ ሳይበሉ መዋሉም፣ እንቅልፍ ማጣቱም ሄደው እዚያው ቧንቧ ላይ ይቆማሉ። ያልተንቀሳቀሰ እግር ደግሞ ደምን ምን ብሎ ይጠራዋል?"

ለሳኙ ቅልጥሙን በመዳፉ ዳሰሰ። ሠላሳ ዓመት ያወቀውን ነገር በገዛ ሥጋው ውስጥ አላየውም ነበር። ቧንቧውን የረገጠው እግር ወለል ብሎ ታየው፤ የማን እንደሆነም አወቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ፓኮ ይዞ የሚመጣው እግር ነው።

"ሁለት ጊዜ ሰበረኝ" አለ።

"ማን?"

"ግድ የለሽም። እንቅስቃሴውን አሳዪኝ።"

ቅዳሜ ውሃ ልክ መጣ። ለሳኙ በፈገግታ ተቀበለው፣ አመሰገነው፣ ሸኘው። በሩ ሲዘጋ አምስቱንም ፓኮዎች ባልዲ ውስጥ ነከራቸውና ለልጁ፣ "ሰባት ቀን ውሃ ይጠጡ፤ ሲጠነክሩ ንገሪኝ" አላት። ጠርሙሱ ሽንት ቤት ገባ።

ያ ሳምንት መከራ ነበር። ላብ አጠመቀው፣ የክብሪት እንጨት ሲያኝክ ድዱ ደማ፣ ልጁን በሆነ ባልሆነው ተቆጣት። አምሮቱ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍንና የውሃ ልክን ድምፅ ይጠራል፦ እንደዚያ ሰውዬ። አንጀቱ እርር ይላል፤ አምሮቱም ጭራውን ቆልፎ ይወጣል። ሐኪም ሲመክረው የኖረውን፣ ሚስቱ እያለቀሰች የለመነችውን፣ ጥላቻ በአሥር ቀን አደረገው። የሰው ልብ እንዴት ያለ ጉድ ነው!

ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ቀን ባቄላና አትክልት ይበላል። ፀሐይ ይሞቃል። ከዶሮ ጋር ይተኛል። ፎጣ እግሩ ላይ ጠምጥሞ ይስባል፣ ተረከዙን አልጋው ላይ ይገፋል፤ ጥርሱን ነክሶ ይቆጥራል። ማገገሚያው ክፍል ውስጥ የሰው ሚዛን ነበረች። በቀኝ እግሩ ሲጫናት መርፌዋ እስከተፈቀደለት ኪሎ ድረስ ብቻ መሄድ አለባት፤ በየሳምንቱ ይጨመርለታል። ለሳኙ ግን የሚረግጠው ሚዛን አልነበረም።

"ዛሬ ሃያ ኪሎ ረገጥኩት!"

"ማንን ነው ሁልጊዜ የሚረግጡት ጋሼ?"

"አንድ አንገት።"

"ቂም እኮ ለልብ ጥሩ አይደለም።"

"የተሰበረው ልቤ ነው እንዴ?"

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ ልጁን፣ "ገባኝ" አላት። "ውሸቱ ብቻውን አልቆመም። መወጣጫ ሆኜ ያቆምኩለት እኔ ነኝ። ጠጪ ባልሆን ማን ያምነው ነበር?"

ልጅቷ ደስ አላት። "እና ይቅር ልትለው ነው?"

"ማን አለ? መጀመሪያ መወጣጫውን አፈርሳለሁ፤ ከዚያ እሱ ይወድቃል።"

በስድስተኛው ሳምንት ራጁ ላይ፣ ክፍተቱ በነበረበት ቦታ፣ እንደ ማለዳ ጉም ስስ የሆነ ነጭ ነገር ተዘርግቶ ታየ። አጥንቱ እየተያያዘ ነበር። ባለሙያዋ አጨበጨበች። "ምን መድኃኒት ተገኘ ጋሼ?" አለችው። "ጠላት" አላት።

ርክክቡ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጠዋት፣ በአንድ ክራንች ሄደ። ሠራተኛው ያን ዕለት የቀረውን ሥራ ሊጨርስ አምስተኛው ፎቅ ላይ ተሰብስቧል። ለሳኙ ሦስተኛው ላይ አረፈ፤ አራተኛው ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ውሃ ልክ ለሰዎቹ እየተናገረ ነበር።

"እንዴ፣ ተነሳህ እንዴ! ብትነግረኝ መኪና እልክልህ ነበር እኮ!"

ለሳኙ አፍንጫው ድረስ ተጠጋው። "አሽተኝ።"

"ምን?"

"አፌን አሽተኝና ለሰዎቹ ምን እንደሚሸት ንገራቸው።" ውሃ ልክ ፊቱን አዞረ። "እኔ ልንገራቸው፦ እንቁላል ነው። መጠጥ ከተውኩ ስልሳ ሦስት ቀኔ ነው። ያን ማክሰኞ ጠዋትም አልጠጣሁም ነበር። አሁን ደግሞ ሳንቃውን ማን እንዳነሳው አንተ ንገራቸው።"

ሠራተኞቹ ወደ ውሃ ልክ ዞሩ። በመጨረሻ ሲሚንቶ አቡኪው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው፣ አካፋውን አስቀመጠ። "ያነሳሁት እኔ ነኝ። ያስነሳኝ እሱ ነው። ያኔ መናገር ነበረብኝ።"

ውሃ ልክ እንደ ኖራ ነጣ። "በቃ፣ ይቅርታ" አለ ወደ መሬት።

"አልሰማሁም። ከኋላ ያሉትም አልሰሙም።"

"ይቅርታ አልኩ! ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አልሰከረም ነበር! ፈርቼ ነው፤ ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነው!" ድምፁ ባዶዎቹ ክፍሎች ውስጥ አስተጋባ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ "እና፣ ይቅር አልከኝ?" አለ።

"አላልኩም። ጠይቅ አልኩ እንጂ እቀበላለሁ አላልኩም። ነገ ጠዋትም መንገድ ዳር ስትሰበስባቸው ይህንኑ ትላቸዋለህ፤ ከነገ ወዲያም፤ እስከ ርክክቡ። ልጄ በዚህ ነው የምታልፈው፤ ትሰማለች።"

አቡኪው ሊደግፈው እጁን ዘረጋ። ለሳኙ ክንዱን አስለቀቀና ደረጃውን ብቻውን ወረደ። ሠራተኞቹ መስኮቶቹ ላይ ተደርድረው አዩት፤ ከሕንፃው ወጣ፣ የአሸዋውን ክምር ዞረ፣ መንገዱን ተሻገረ። እያነከሰ ነው፤ ግን አይቸኩልም። አንዱ ከላይ ጮኾ ጠራው። አልዞረም። ክራንቹን ከመሬት አንስቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠና፣ ወደ ሥራ በሚጣደፈው ሰው መሐል ገብቶ ሄደ።