ከጠበል በኋላ ክሎሪን

የመዋኛ ገንዳችን ውሃ አረንጓዴ ሲሆን አምስት ወር ዝም ብዬ ያየሁት ጠበል ስለ ገባበት ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን በዚያ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ታቦት ባረፈበት ድንኳን ውስጥ ልብስ እንደ ማስጣት ያለ ድፍረት መስሎ ነበር የታየኝ።

ገንዳውን የቆፈረው ባለቤቴ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል የመዋኛውን ውሃ ሲንከባከብ ኖሮ ወደ ላሊበላ ስንመለስ፣ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ቀይ ድንጋይ ሦስት ዓመት በመሮና በመዶሻ ፈለፈለው። ጎረቤት ቆሞ ሲያየው «አባቶቻችን አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ፈልፍለው ማንም አልተገረመባቸውም፤ እኔን ለአንድ ገንዳ ምን አፍጥጣችሁ ታዩኛላችሁ?» ይል ነበር። ስምንት እርምጃ ርዝመት፣ አራት እርምጃ ወርድ አለው፤ ጥልቁ ጋ እስከ አገጬ ይደርሳል። የሚሞላው ክረምት ከቆርቆሯችን በሚወርደው ዝናብ ነው፤ ከሰው ጋር ቧንቧ አልሻማም ብሎ። ለምናከራያቸው ሁለት ክፍሎች እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት እንኳ ጠዋት ጠዋት ውሃውን መለካቱን አልተወም።

በግንቦት አረፈ። ከአርባው ማግስት የንስሐ አባታችን መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩ፤ ሲጨርሱ በዕቃው የቀረውን ወደ ገንዳው ገልብጠው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ሰበሰብኩ። ውሃውን የሚያዞረውን ሞተርም አጠፋሁት። ክረምቱ ዘንቦ ሞላው፣ መስከረም ላይ ልጋግ ያዘው፣ በጥቅምት እንቁራሪቶች ገቡበት። በመስኮት አየዋለሁ፤ መጋረጃውን እስባለሁ።

በኅዳር መጨረሻ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከኩልመስክ መጣ። ገበሬ ነው፤ ዝም ብሎ የተኛ ነገር ሲያይ አይወድም። በዱላው ጫፍ ልጋጉን እየጎረጎረ ገንዳውን ዞረና በአፈር እንድንደፍነው ነገረኝ። ሰው ይገባበታል፣ ቢንቢ ይፈላበታል፣ ቢደፈን ግን ለነጭ ሽንኩርት የሚሆን ጥሩ መደብ ይወጣዋል አለ። ክፋት አልነበረበትም። ወንድሙ በእጁ የቆፈረው ነገር እንዲህ ሆኖ ማየት አስጠልቶት ነው። እኔ ደግሞ እንዲደፈን አልፈለግሁም፤ እምቢ እንዳልል ግን ውሃው ራሱ ይመሰክርብኛል። ለገና ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሰውና አካፋ ይዞ ሊመጣ፣ እስከዚያ ከጠራ ሊተወው ተስማማን።

«እታለም፣ ይህ እንደሆነ አይጠራም፤ በከንቱ አትድከሚ» ብሎኝ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ነበረኝ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን በር ላይ ጠብቄ መስቀል ተሳለምኩና፣ ጠበል የነካው ውሃ ክሎሪን ይጨመርበት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ምን ሆኖ ነው አሉኝ። ስለ ልጋጉና ስለ እንቁራሪቶቹ ነገርኳቸው። አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ የረጨሁት ቤቱ እንዲባረክ ነው፤ እንቁራሪት እንዲረባበት አይደለም።» ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና «ባልሽ እኮ ይህንኑ ጥያቄ ገንዳው መጀመሪያ የሞላ ዕለት ጠይቆኛል። በየወሩ ስረጭ፣ በማግስቱ ክሎሪኑን ይጨምር አልነበር?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሲረጩ አይቻለሁ፣ እሱ ሲጨምርም አይቻለሁ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም። እሱም ፈርቶ፣ እሱም እዚያው በር ላይ ቆሞ ጠይቆ ነበር ማለት ነው። ቁልቁለቱን በጥቁር ልብሴ እየሮጥኩ ስወርድ አንዲት ጎረቤቴ ከበር ብቅ ብላ ማን ሞተ አለችኝ። ማንም አልኳት፤ ሳልቆም።

ያን ዕለት እንቁራሪቶቹን በወንፊት እያወጣሁ ወደ ወንዙ ሸኘኋቸው፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈተግሁ፣ ክሎሪን በባልዲ አሟሙቼ አፈሰስኩ። ጠዋት ብነሳ ያው አረንጓዴ ነው። እጥፍ አድርጌ ጨመርኩ። ያው ነው። አምስት ቀን እንዲህ አለፈ፤ ከሽታው በቀር የተለወጠ ነገር የለም።

የማልነካው አንድ ዕቃ ቀርቶኝ ነበር። በባለቤቴ መሐረብ የተጠቀለለች የመለኪያ ሣጥኑ። ሁለት ቀጫጭን ብልቃጦች፣ በጠብታ የሚጨመሩ ሁለት መድኃኒቶች፣ በክዳኑ ላይ የቀለም ሰንጠረዥ። «መጀመሪያ ጠይቂው፣ ከዚያ ስጪው» ይለኝ ነበር፤ እኔ ሳልጠይቅ ነበር የምሰጠው። መሐረቡን ፈታሁ። ሽታው አሁንም የእሱ ነው። ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ውሃ ቀዳሁ።

የክሎሪኑ ብልቃጥ ምንም ቀለም አላወጣም፤ ያፈሰስኩት ሁሉ ተበልቷል። የፒኤቹ ግን እንደ ቀይ ሥር ጠቆረ። ፒኤች ማለት ውሃው ወደ ኮምጣጣ ወይም ወደ አመድ ማድላቱ ነው፤ የእኛ ወደ አመድ አድልቶ ከሰንጠረዡ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ውሃ ክሎሪን ዱልዱም ቢላ ነው። ጓንት አድርጌ፣ ባለቤቴ ካስቀመጠው ጀሪካን ጥቂት አሲድ በውሃ በተሞላ ባልዲ ላይ ጨመርኩ። ውሃው ቀድሞ አሲዱ ይከተላል እንጂ ተገላቢጦሹ አይሆንም፤ ይህን አልረሳሁም። መብራት በመጣ ቁጥር ሞተሩን አስነስቼ ዙሪያውን አፈሰስኩ።

በማግስቱ ብለካ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። አሲዱን አብዝቼ አሁን ወደ ኮምጣጣ አድልቷል። የዝናብ ውሃ ቀላል ነው፣ ጥቂት ሲነኩት ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ የሚያረጋጋው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሱቅ ሄጄ ያለውን ሁሉ ስጠኝ ስለው፣ ባለሱቁ በዚህ ሁሉ ሶዳ ለማን ልደግስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለውሃ አልኩት። ኀዘኑ አእምሮዋን ነካው ሳይል አልቀረም፤ እየሳቅሁ ነበር የወጣሁት።

ሁለት ቀን ሶዳ ጨመርኩ፣ ለካሁ፣ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን ብልቃጡን ወደ ፀሐይ ሳነሳው ቀላ ያለ ብርቱካናማ፣ ልክ የሰንጠረዡ መሃል። ፀሐይ ክሎሪኑን እንዳትበላብኝ ምሽቱን ጠብቄ አፈሰስኩ፤ ንጋት ላይ ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ ወጣሁ። አረንጓዴው የለም! ውሃው አጓት መስሏል፤ የሞተው ልጋግ ነው ያነጣው። ድፍርሱን ወደ ታች እንዲያወርድልኝ ሸብ አሟሙቼ ረጨሁበትና ሞተሩን አጥፍቼ ተውኩት። ሲረጋ ዝቃጩን በቱቦ እየሳብኩ፣ ጠበልም ነውና ሰው ከማይረግጠው የአጥሩ ጥግ አፈሰስኩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ዓይኔ ወደ ውሃው ውስጥ የሚያየው ከቀን ቀን እየጠለቀ ሄደ፤ ዛሬ አንድ ክንድ፣ ነገ ሁለት።

ባለቤቴ ከጥልቁ ሥር አበባ ያለበት ነጭ የብረት ሳህን አኑሮ ነበር። የአበባውን ቅጠሎች ከላይ ሆኖ ካልቆጠረ ማንንም ወደ ውሃው አያስገባም። ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው የሳህኑ ጠርዝ ታየኝ። በማግስቱ ጠዋት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፦ አምስት። እንደገና ቆጠርኩ። «አምስት!» ብዬ ወደ ቤቱ ዞርኩ። ለካ የምነግረው ሰው የለም። ቢሆንም ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ አላፈርኩም።

የባለቤቴ ወንድም በቀጠሮው ቀን ከሁለት ሰዎች ጋር ማለዳ ደረሰ። ፀሐይ ገና ግድግዳውን አላለፈችም፣ ነፋስም የለም። ከገንዳው አፍ ቆሞ ከሥሩ ያለውን ነጭ ሳህን አየና ፊቱ በራ።

«ደግ አደረግሽ እታለም፣ አፈሰስሽው። ሥራ ቀለለልን» አለና አካፋውን ወደ ውስጥ ወረወረ።

ውሃው ተነሥቶ ጋቢውን እስከ ደረቱ አራሰው። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ተንበርክኮ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፣ አወጣው፣ ጣቶቹን አያቸው።

«ሳህኑ የሱ ነው?» አለኝ።

«የሱ ነው።»

ከአካፋው የለቀቀው አፈር እንደ ጭስ ሲነሣ አየሁና ሣጥኔን ይዤ መጣሁ። ውሃ ቀድቼ ጠብታውን ጨምሬ ብልቃጡን ለእሱ ሰጠሁት፤ ሰንጠረዡንም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ሰማይ አነሣው። ብዙ ቆየ።

«ይኸ የመሃሉን ይመስላል» አለ። «ታዲያ ምን ይጨመርበት?»

«ዛሬ ምንም አይጨመርበትም።»

ገንዳውን መድፈኑ ቀርቶ ነጭ ሽንኩርቱን ለመትከል የመረጠው ቦታ የግቢው መግቢያ አጠገብ ነው። አካፋውን ግን ከገንዳው ሳያወጡ መጀመር አልቻሉም፤ ከሦስቱ ዋና የሚችል አልነበረም። እኔ ነኝ የገባሁት።