የጥሩዬ ሁለት ወፍጮዎች

ቡራዩ ውስጥ ጥሩዬን የማያውቅ እህል አስፈጪ የለም። አባቷ ከመንዝ መጥተው የተከሉትን ወፍጮ ቤት ተረክባ፣ ዱቄት በለበሰ ሽርጧ በር ላይ ቆማ፣ «እኔ ዘር አልቆጥርም! ለእኔ ሰው ሁሉ አንድ ነው» ትላለች። ስትናገረውም ከልቧ ነው።

ወፍጮዎቿ ሁለት ናቸው። አንዱ ለነጭ ጤፍ ብቻ ነው፤ ሌላው በቆሎውንም ቅይጡንም ይፈጫል። በቆሎ በተፈጨበት የገባ ጤፍ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ጥሩዬ ግን ጆንያ ፈትታ አታይም። ባለቤቱን አየት አድርጋ ወደ ነጩ «ወዲህ»፣ ወደ ቅይጡ «ወዲያ» ማለት ብቻ ነው።

በ2008 የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የዘጋው መንገድ ሲከፈት ወፍጮ ቤቱ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ያን ሰሞን ሰው ከሰው በዓይን ይመዛዘን ነበር። ከገፈርሳ የመጡት ገበሬ ኦቦ ጃራ የልጃቸውን የሄመንን የሰርግ ጤፍ አውርደው አህያቸውን ሊያስሩ ወጡ። ጥሩዬም ሲወጡ ከጭቃ ቦቲያቸው ቀና ሳትል ሠራተኛዋን «ወዲያ!» አለችው።

ሲመለሱ ዱቄቱ እየወረደ ነው። በመዳፋቸው ተቀብለው አዩት፤ ቢጫ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ ማኛ ነበር። ሰርገኛ ፊት ምን ይዤ ልቅረብ?»

«ውይ አፈር ልብላ፣ ኦቦ ጃራ! የገጠር እህል ቅይጥ ነው ብዬ እኮ ነው። እኔ ዘር አልቆጥርም!»

«አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ሳትቆጥሪ ነው የምትለዪን።»

ጥሩዬ ሁለቱንም ወፍጮ አጠፋች። ወረፋውን አየችው። ነጩ ዘንድ የከተማ ሰው ተደርድሯል፤ ወዲያኛው ዘንድ ገበሬው። አንድም ጆንያ አልተፈታም። አፈረች፣ ግን ተደብቃ የምታፍር ሴት አይደለችም። ነጩ ወፍጮ ጋ ተራው የደረሰውን የቢሮ ሠራተኛውን የአቶ ጌታቸውን ጆንያ ፈታች። በቆሎ ነው።

«አቶ ጌታቸው!»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ሰውዬው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጥሩዬ የቤቷን ማኛ አውጥታ በነጩ ወፍጮ ፈጨችና ለኦቦ ጃራ አስጫነች፤ ቢጫውን ለራሷ አስቀረች። ሰርጉ ላይ ተጠርታ ሄዳም ከነጩ እንጀራ በላች።

ከዚያ ወዲህ እጇን ያላስገባችበት ጆንያ ወፍጮ አይነካም። አንድ ቀን ኦቦ ጃራ ጆንያቸውን ሲያወርዱ እሷም ልትፈታ ጎንበስ አለች።

«እስከ ዛሬ አታምኚኝም እንዴ?»

«አንቱንማ አምናለሁ» አለች ጥሩዬ ገመዱን እየፈታች። «የማላምነው ዓይኔን ነው።»