ሰባት ክብሪት

ባለፈው ሳምንት ኤመሪቪል ከተማ ከልጄ ከሜሮን ጋር ምሳ ስንበላ የስኳር ኪኒኔን አውጥቼ ዋጥኩ። ሜሮን እዚያው አካባቢ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ማሚ፣ ይሄን ሜትፎርሚን እኛ ለአይጥ እየሰጠን ነው» አለችኝ። የሚጥል በሽታ ሲበረታ የአንጎል ሴል ይገድላል፤ ይህ ተራ የስኳር መድኃኒት ሴሎቹን ያድን እንደሆነ ነው የሚመረምሩት።

«ሲቆይባቸው ነው የሚጎዳው?»

«የስ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ኢመርጀንሲ ነው።»

ከብዙ ዓመት በፊት የሆነው ነገር መጣብኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ታላቅ እህቴ ጽጌ በዲቪ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። ነርስ ልትሆን ትማር ነበር፤ የአጥንቶቹን ስም ሁሉ እንደ መዝሙር ታንበለብለዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ግን አልፎ አልፎ ይጥላታል። እናታችን ሁለት ነገር አስጠንቅቃናለች፦ ክብሪት ከቦርሳችን እንዳይጠፋ፣ ነገሩም ከሰው ጆሮ እንዳይገባ። በእኛ ሰፈር የሚጥለው ሰው ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ ጭሱን ያሸቱታል። እኔም ከዚያ ሌላ አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ነበር፤ የየካቲት ዝናብ ኮረብታውን አረንጓዴ አድርጎታል። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ፣ ለጸሎት ኅብረት እየነዳሁ ነው። ጽጌ ትኩስ ድፎ ዳቦ ታቅፋለች፤ መኪናው ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል። ድንገት ዳቦው ከጭኗ ወደቀ። ዞር ስል ጥርሷን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች። ከፍሪዌይ እንዴት እንደወጣሁ እግዚአብሔር ይወቅ፤ ብቻ አንድ ሱቅ ደጃፍ ፓርኪንግ ውስጥ ቆምኩ።

አንዱን ክብሪት ጫርኩና አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት። ሁለተኛውን ጫርኩ። ለቀቃት ስል እንደገና ያዛት።

አንድ ሸበቶ የታክሲ ሾፌር መስኮቱን አንኳኳ። አበሻ መሆኑን ሳይ ክው አልኩ።

«ልጄ፣ ምን ሆናብሽ ነው?»

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ጨጓራዋ ነው።»

«የምን ጨጓራ! አምቡላንስ ጥሪ እንጂ! ስንት ደቂቃ ሆናት?»

እኔ የቆጠርኩት ክብሪት ነበር። ሰባተኛው ጣቴን እስኪያቃጥለኝ «አሁን ይለቃታል፣ እባክዎ ይሂዱ» እያልኩ እለምነው ነበር። አልሄደም። ከንፈሯ ሲጠቁር በራሱ ስልክ 911 ደወለ።

ጽጌ ተረፈች። የአጥንቶቹን ስም ግን ስትጀምር ከአንገት በታች ያሉት አልመጣ አሏት፤ ነርስነቱም በዚያው ቀረ። ዛሬ ካምቤል ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አንዱን ጥያቄ ሦስቴ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሦስቴ እመልስላታለሁ።

«ሜሮንዬ፣ መድኃኒቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢወሰድስ?»

«ኖ ማሚ፤ ያልሞተውን ሴል ለማዳን ነው። ደግሞ ገና አይጥ ላይ ነን። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኳት።

ስለ ክብሪቱ፣ ባለማወቅ ነው ብዬ ራሴን ይቅር እላለሁ። «ጨጓራዋ ነው» ያልኩትን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም። ጽጌ የዚያን ቀን ነገር አንድም አታስታውስም። ባለፈው እሁድ እንኳ በሰው ፊት አቅፋኝ፣ «ቶሎ 911 ደውላ ያተረፈችኝ ይቺ እህቴ ናት» አለች። እኔም እንደ ሁልጊዜው መልሼ አቀፍኳት።