ተረኛ የሆንኩበት ቀን

ከተያዝኩበት ቀን የማስታውሰው ትንሽ ነው። ዳንግላ ውስጥ ሒሳብ ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ላይ ሁለት ሰዎች ጠሩኝ፤ መኪናቸው ላይ ስወጣ ከኋላ አንድ ነገር ጭንቅላቴን መታኝ። ስነቃ እንጅባራ አካባቢ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጤፍ አቧራ ሽታ፣ ብርድ፣ ሃያ ስድስት ሰው።

እጄም እግሬም ደህና ነበር። የጠፋብኝ የነገር ተራ ነው። ጫማዬን አጥልቄ ካልሲ እፈልጋለሁ። እጄን በፎጣ አደርቅና ውኃ አምጡልኝ እላለሁ። ሁሉንም ነገር አውቀዋለሁ፤ የቱ እንደሚቀድም ግን አላውቅም።

በክፍሉ ውስጥ በየቀኑ አንድ ተረኛ አለ። ጠዋት የሽንት ባልዲውን ደፍቶ ያጥባል፣ በጀሪካን የመጠጥ ውኃ ቀድቶ ይመጣል፣ ወለሉን ይጠርጋል። ተራዬ ሲደርስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ውኃውን ከቀዳሁ በኋላ ሙሉውን ጀሪካን ደፋሁና ባልዲውን እንደሞላ ተሸክሜ፣ ኮራ ብዬ ተመለስኩ። ውኃ የሚቀዳው ጠዋት አንዴ ብቻ ስለነበር ያን ቀን ሰው ሁሉ ሳይጠጣ ዋለ። ማንም ግን አልተቆጣኝም። ካቦው፣ የክፍላችን አለቃ ማለት ነው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ እረፍ፣ መምህር» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ተራ አልደረሰኝም። ከጭንቅላቴ ምት ይልቅ ያ «እረፍ» አመመኝ። ባልዲ መድፋት ያቃተው ሰው ሰሌዳ ፊት እንዴት ይቆማል?

አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወዲያ ከሰል የሚያከስሉ ገበሬ ነበሩ። «አያ» እንላቸዋለን። ሊጠይቋቸው ከሚመጡ ዘመዶቻቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይቀልዳሉ። አንድ ቀን ፀሐይ ልንሞቅ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከመጥረጊያው ስንጥር መነቃቀል ጀመሩ።

«መምህር፣ ከሰል አክስለህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም፣ አያ።»

«ተመስገን። አውቃለሁ የሚል ሰው ማስተማር ጭንቅ ነው።»

እንጨቱን መከመር፣ ሣር ማልበስ፣ አፈር ማልበስ፣ ከዚያ እሳት መለኮስ። አራት ነገር ብቻ። ስንጥሩ እንጨት ሆነ፣ አንድ ቀይ የጠርሙስ ክዳን ደግሞ እሳት። ከመርኩ፣ ሣር አለበስኩ፣ እሳቱን ለኮስኩ። አፈሩ እጄ ላይ ቀረ።

«እሰይ! አመድ ሆነልህ» አሉ። ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከተያዝኩ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱም አመድ፣ በሦስተኛውም ቀን አመድ። በአራተኛው ቀን አያ መሳቅ ተዉ። «ስህተቱ እየለመደብህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እጄ ሊስት ሲል ቀድመው አንጓዬን ይይዛሉ። ደግሞም የማደርገውን ሁሉ ከማድረጌ በፊት ጮክ ብዬ እንድናገር አዘዙኝ።

«ወይፈን ስንገራ እንዲህ ነው። ከትልሙ ከወጣ በኋላ ብትመታው ምን ይጠቅምሃል? ሳይወጣ ነው መያዝ።»

«እኔ ወይፈን ነኝ እንዴ፣ አያ?»

«ኧረ ወይፈንስ በሁለት ቀን ይገባው ነበር!»

መጀመሪያ ጮክ ብዬ፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ፣ በኋላ በከንፈሬ ብቻ። ከሰሉ መክሰል ሲጀምር ወደ ካልሲና ጫማ ዞርን፤ ከዚያም ወደ ባዶው ባልዲ። ባዶ ባልዲ ተሸክሜ በምንጣፎች መካከል ስመላለስ ሰዉ ከየጥጉ መንገድ ያሳየኛል። «በግራ ነው፣ መምህር!» «ኧረ ክዳኑን!» እንደዚያ የሳቅንበት ወር ትዝ አይለኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን አያ ካቦውን ጠርተው «ነገ ተረኛው እሱ ነው» አሉት።

«አያ፣ እንደዚያን ቀን ውኃ ጥም እንዳይገድለን።»

«ከጠማንም አብረን ይጠማናል።»

በነጋታው በሩ ሲከፈት ጉም ገባ። ባልዲውን በአንድ እጄ፣ ጀሪካኑን በሌላው ይዤ ወጣሁ። ቧንቧው ጋ ስደርስ ተራው ድንገት ጠፋብኝ። ሁለቱንም መሬት ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ምን ገተረህ?» አለ ጠባቂው።

«የሚቀድመውን እያሰብኩ ነው» አልኩት።

አሰብኩ። ባልዲውን ደፋሁ፣ አጠብኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ውኃውን ቀዳሁ። ስገባ ክፍሉ በሙሉ ይጠብቀኛል። አያ ባልዲውን አጮልቀው አዩ፤ ከጀሪካኑ አንድ ኩባያ ቀድተው እስከ ጭላጩ ጠጡ። ያን ጊዜ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ጠባቂው እየሮጠ መጥቶ አንገቱን አስገባ።

«ማን ተፈታ?»

«ማንም» አለ ካቦው። «ባልዲ ተደፋ።»

ወለሉን ጠርጌ ስጨርስ ካቦው ግንባሩን ቋጥሮ መጣ። «መምህር፣ ይሄ ጥግ ተጠረገ ትላለህ? ዓይን የለህም?» እንደዚያ የጣፈጠኝ ቁጣ የለም። «ይቅርታ፣ ካቦ» ብዬ ተመለስኩና ጥጉን እንደገና ጠረግሁት። አያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይስቃሉ።

ዛሬ ተፈትቼ፣ ዳንግላ ተመልሼ አስተምራለሁ። ቀርፋፋ ሆኛለሁ፤ ስሌቱ ሲረዝም ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴም መስመር እዘላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ከኋላ ተነስታ «ቲቸር፣ ሦስተኛውን መስመር ዘለሉት!» ብላ ጮኸች። ጓደኛዋ ክንዷን ጎተት አድርጋ «ተይ፣ አሟቸው ነበር እኮ» ስትላት ሰማሁ።

«አትጎትቻት» አልኩ። «ትምጣና ታርመኝ።»

ልጅቷ ጠመኔውን ተቀብላኝ ሦስተኛውን መስመር ጻፈች። እኔ ከአራተኛው ቀጠልኩ።