ኮከብ ቆጣሪው
ሰፈርተኛው «ኮከብ ቆጣሪው» የሚለው እንዲያው ለጨዋታ ነው። ሰውየው ጥንቆላ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እሱ የሚቆጥረው የወታደር ትከሻ ላይ ያለውን ኮከብ ነው። ከጦርነቱ ዘመን የቀረ ፎቶ ያለው ሁሉ ወደ ፎቶ ቤቱ ይመጣል። እሱም አጉሊ መነጽሩን ደቅኖ አንገትጌውን፣ ቁልፉን፣ ምልክቱን ያይና «ይሄ እግረኛ ነው፣ ያ መድፈኛ ነው» ብሎ ይሸኛቸዋል።

ዛሬ ግን አላስቀምጥ ብሎታል። መነጽሩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ በር ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ምን ነካው? ጠዋት አንዲት ሴት የአጎቷን ፎቶ አምጥታ ነበር። ባለ ሦስት ኮከብ ሻምበል፣ ግራ ኪሱ በእራፊ የተጣፈ፣ ሁለተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ የተለየ። ይቺን እራፊና ይቺን ቁልፍ አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ እሱ ልጅ ሳለ የሞተው የገዛ አባቱ ፎቶ ላይ አሉ! ለካ ኮቱ የዚያን ዘመን ፎቶ አንሺ ለደንበኛ የሚያውሰው ኖሯል።

ጉድ ፈላ! ድንጋይ ጠራቢው እሱ በቅርቡ ያዘዘውን የአባቱን አዲስ የመቃብር ድንጋይ አለስልሶ፣ ከስሙ በፊት «ሻምበል» ብሎ ሊቀርጽ ነው። እናቱስ? ያንን ፎቶ ዕድሜዋን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሰቅላ የኖረች ሴት! ቢነግራት ልቧ ይሰበራል፤ ዝም ቢል ደግሞ ውሸት በድንጋይ ሊያጽፍ ነው።

ሱቁን ዘግቶ ቤት ገባ። ሳይቀመጥ አፈረጠው።

«እማዬ፣ አባዬ ለካ ሻምበል አልነበረም።»

«አልነበረማ!» አለች እናቱ፣ ልብስ ማጠፏን ሳታቆም። «የጦሩ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። ኮቱ ቢሰፋው ከኋላ በመርፌ ቁልፍ የያዝኩለት እኔ አይደለሁ እንዴ?»

«ታዲያ ሻምበል ያለው ማን ነው?»

«አንተው ነህ እንጂ! ገና በኮልታፋ አፍህ ኮከቡን ቆጥረህ፣ አባዬ ሻምበል ነው እያልክ ሰፈሩን አዳረስከው። ሊነግርህ አንጀቱ አልቻለም። ማታ ‹ልጄ ሾመኝ› እያለ ሲስቅ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ከሞተ በኋላማ እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ከእሱ የቀረችህ እቺው ማዕረግ ነበረች።»

ስልኩ ጮኸ። ድንጋይ ጠራቢው ነው።

«ማዕረጉን ልቅረጸው?»

ለስንቱ ቤተሰብ ሳያቅማማ ማዕረግ የነገረ ሰው ዞሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አየ። እናቱ ስልኩን ከእጁ ቀማችው።

«ቅረጸው» አለች። «ልጁ ነው የሾመው።»